ሳይጋገሩ የሚዘጋጁ ጣፋጮች፦ ከቸኮሌት ብስኩት ኳስ እስከ በሶና ኑግ ጭብጦ

በከተማ ኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ ከሚደረደሩት ጣፋጮች መካከል በጥቁር ቸኮሌት የተሸፈኑ ትንንሽ ኳሶች ይገኙበታል። በውጭው ዓለም «ትራፍል» ይባላሉ። ስያሜውን ያገኙት ከዛፍ ሥር፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከሚያድግ ውድ የእንጉዳይ ዓይነት ጋር በመልክ ስለሚመሳሰሉ ነው። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ጣፋጭ ያለ ዘመናዊ መጋገሪያና ያለ ሠለጠነ ባለሙያ ሊሠራ የማይችል አድርገው ይመለከቱታል። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የተፈጨ ብስኩት፣ ጥቂት ቅቤ፣ ወፍራም ጣፋጭ ወተትና የካካዋ ዱቄት ያገኘ ሰው፣ ምንም ነገር ሳይጋግር ሊያዘጋጀው ይችላል።

ለጎጃም ደጋ ነዋሪ ይህ አሠራር በመሠረቱ እንግዳ አይደለም። የተቆላ እህል ፈጭቶ፣ በቅቤ ወይም በማር ለውሶ፣ በእጅ እየጨበጡ መብላት በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ከጥንት ጀምሮ የኖረ የስንቅ ጥበብ ነው። የበሶ ጭብጦም ሆነ ከኑግ የሚሠራው ልጥልጥ ከትራፍል ጋር አንድ ዓይነት ስልት ይጋራሉ። የሚለያቸው የሚገባባቸው ግብዓትና የሚያስወጡት ገንዘብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሦስቱንም አዘገጃጀት፣ ከጀርባቸው ያለውን ምክንያት፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ ሲዘጋጁ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

ሳይጋገር እንዴት ይያያዛል?

ዳቦም ሆነ ኬክ ቅርጹን የሚይዘው በእሳት ነው። ሙቀቱ የዱቄቱን ስታርችና ፕሮቲን ያበስላል፤ የእንቁላሉን ፈሳሽም ያጠነክራል። ሳይጋገር የሚዘጋጅ ጣፋጭ ግን የሚያያዘው በሌላ መንገድ ነው። አስቀድሞ የበሰለ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ብስኩት ወይም የተቆላ እህል፣ ደቅቆ ይፈጫል። በዚህ ላይ ለስለስ ያለ ቅባትና እንደ ማር ያለ ወፍራም ጣፋጭ ይጨመራል። ማሩ ወይም ወፍራሙ ወተት የዱቄቱን ቅንጣቶች ያጣብቃል፤ ቅባቱ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይጠነክርና ኳሱን አጥብቆ ይይዘዋል።

በዚህ ረገድ የደጋው አየር ትልቅ አጋዥ ነው። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ የምሽቱ ቅዝቃዜ ብቻውን ቅቤን ያጠነክራል። ወደ ጮቄ ተራራ በተጠጉት ቀበሌዎች ቅዝቃዜው ይበልጥ ይበረታል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ የተዘጋጁትን ኳሶች በንጹሕ ዕቃ ከድኖ ነፋሻማ በሆነ ቦታ ቢያሳድር፣ ጠዋት ጠንክረው ያገኛቸዋል።

ይኸው አየር ሌላ ጥቅምም አለው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ይህ ንፍሮና ጥራጥሬ ለሚቀቅል ሰው የማብሰያ ጊዜን ያራዝማል። ቸኮሌትን በእንፋሎት ለሚያቀልጥ ሰው ግን ቸኮሌቱ እንዳያር በመጠኑ ይረዳል።

የመጀመሪያው፦ የቸኮሌት ብስኩት ኳስ

ለ28 ኳስ ገደማ የሚያስፈልገው 300 ግራም ተራ የሻይ ብስኩት፣ 30 ግራም ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ያልሆነ የካካዋ ዱቄት፣ 50 ግራም ለስላሳ የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ኮንደንስድ ሚልክ የሚባለው ወፍራም ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት እና ቁንጢር ጨው ነው። ለመሸፈኛ 150 ግራም ቸኮሌት ይዘጋጃል። ቸኮሌት ካልተገኘ ኳሶቹን በካካዋ ዱቄት፣ በተቆላ ሰሊጥ ወይም ደቅቆ በተወቀጠ ለውዝ ላይ ማንከባለል በቂ ነው።

በመጀመሪያ ብስኩቱ በንጹሕ ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ወይም ጠንካራ ፌስታል ውስጥ ተደርጎ በጠርሙስ ይዳመጣል። አሸዋ እስኪመስል መድቀቅ ይኖርበታል። ትልልቅ ስብርባሪ ከቀረበት ኳሱ ይሰነጠቃል። ከዚያ የካካዋ ዱቄቱና ጨው ተነፍተው ይጨመሩና በደረቁ ይቀላቀላሉ። ካካዋ ሳይነፋ ከተጨመረ ጓጉሎ ይቀራል፤ መራራ ጓል አፍ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ ጣዕሙን ያበላሻል።

ቀጥሎ ቅቤው በጥቂቱ ለስልሶ ከዱቄቱ ጋር በእጅ ይታሻል። ወፍራሙ ወተት አንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ በማንኪያ እየተለካ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ሊጡ በመዳፍ ሲጨበጥ ሳይፈረፈር ከተያያዘና እጅ ላይ ካልተጣበቀ ልኩን አግኝቷል። ተከድኖ ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲያርፍ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የብስኩቱ ዱቄት እርጥበቱን ስለሚጠጣ፣ መጀመሪያ ቀጥኖ የታየው ሊጥ ይጠነክራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን ሳይጠብቁ ተጨማሪ ብስኩት በመጨመር ነው።

ካረፈ በኋላ የትንሽ እንቁላል አስኳል ያህል እየተቆነጠረ፣ በ20 ግራም ገደማ፣ በሁለት መዳፍ መካከል ይድበለበላል። ኳሶቹ በትሪ ተደርድረው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት በማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበትም ያድራሉ።

የቸኮሌቱ አቀላለጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ውኃ ይፈላና ከእሳት ይወርዳል። የተሰባበረው ቸኮሌት በደረቅ ጎድጓዳ ሳሕን ተደርጎ፣ የሳሕኑ ሥር ውኃውን ሳይነካ ከድስቱ አፍ ላይ ይቀመጣል። እንፋሎቱ ቀስ በቀስ ያቀልጠዋል። በቀለጠው ቸኮሌት ውስጥ አንዲት የውኃ ጠብታ እንኳ ብትገባ ስኳሩና ካካዋው ተያይዘው ወዲያውኑ እንደ አሸዋ ይጓጉላሉ። ይህ ከደረሰ ቸኮሌቱ መጣል የለበትም፤ ጥቂት ሙቅ ወተት ተጨምሮበት በደንብ ከተማሰለ ለመሸፈኛ ባይሆን እንኳ ከሻይ ብስኩት ጋር የሚበላ ማባያ ይሆናል። በደንብ የቀለጠው ቸኮሌት ግን ኳሶቹ በሹካ አንድ በአንድ ይነከሩበትና በዘይት በተቀባ ትሪ ላይ እስኪደርቁ ይቀመጣሉ።

ከቀናት በኋላ በሽፋኑ ላይ ነጣ ያለ ነገር ሊታይ ይችላል። ይህ የቸኮሌቱ ቅባት ወይም ስኳር ወደ ውጭ ወጥቶ የፈጠረው እንጂ ሻጋታ አይደለም፤ ጉዳትም የለውም። ፀጉር የመሰለ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው ነገር ከታየ ግን ሻጋታ በመሆኑ ጣፋጩ መጣል ይኖርበታል።

የቆርቆሮ ወተት ለማይገኝበት ቤት

ላም ያላቸው አርሶ አደሮች የቆርቆሮ ወተት መግዛት አያስፈልጋቸውም። አንድ ሊትር ወተት ከ300 ግራም ስኳር ጋር ሰፋ ባለ ድስት ተጥዶ፣ በዝግተኛ እሳት ያለ ማቋረጥ እየተማሰለ መጠኑ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ይቀቀላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ማንኪያ ላይ ሲወጣ እንደ ቀጭን ማር መወፈር አለበት፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይወፍራል። ከዚህ የሚገኘው ወፍራም ወተት ለሁለት ዙር አዘገጃጀት ይበቃል። ማገዶን ለመቆጠብ ወተቱን ወጥ ከተሠራበት ወይም እንጀራ ከተጋገረበት የቀረ ፍም ላይ መጣድ ይመረጣል።

ወተቱ መፍላቱ ለጤናም አስፈላጊ ነው። ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የሚወጣ ለጋ ቅቤ እንደ ብሩሴሎሲስ ያሉ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያስተላልፉ ይችላሉ። በመጋገር የሚዘጋጅ ምግብ ተሐዋስያንን በእሳት ይገድላል፤ ሳይጋገር የሚበላ ጣፋጭ ግን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ የገበታ ቅቤ ያላገኘ ሰው ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ቢጠቀም ይሻላል። በተመሳሳይ ምክንያት ያልበሰለ የስንዴ ዱቄት በብስኩት ፈንታ መጠቀም ተገቢ አይደለም። ጥሬ ዱቄት ከማሳ ወይም ከወፍጮ ቤት የመጣ ተሐዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው፦ የበሶና ማር ጭብጦ

በሶ ያልበሰለ ዱቄት አይደለም። ገብሱ ተለቅሞ፣ በጥቂቱ ረጥቦ፣ በሙቀጫ ተፈትጎ፣ ገለባው ከተነፋ በኋላ በምጣድ ይታመሳል። በእሳቱ ወርቃማ መልክ ሲይዝና መዓዛው ሲወጣ ይወርዳል፤ ከዚያም ተፈጭቶ ይነፋል። ከዚህ በኋላ ምንም ማብሰል ሳያስፈልገው በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ወይም ተለውሶ ይበላል። መንገደኛ፣ እረኛና ወታደር ሲሰንቁት የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ለዓመታት የሚቆዩ ተማሪዎች «የቆሎ ተማሪ» መባላቸው፣ የተቆላ እህል ለትምህርትና ለመንገድ ምን ያህል መሠረት እንደነበር ያመለክታል።

ለ27 ጭብጦ ገደማ 300 ግራም በሶ፣ 100 ግራም ወይም ሰባት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ፣ 150 ግራም ወይም ሰባት የሾርባ ማንኪያ የተጣራ ማርና ቁንጢር ጨው ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ቅቤውና ጨው ከበሶው ጋር ዱቄቱ ሁሉ እስኪረጥብ ድረስ በእጅ ይታሻሉ። በሸዋና በአርሲ የሚታወቀው ጭኮ የሚሠራው በዚሁ አኳኋን በበሶና በቅመም በተነጠረ ቅቤ ነው። ማሩ በመጨረሻ ይጨመርና ጠበቅ ተደርጎ ይለወሳል። ከዚያም እየተቆነጠረ ይድበለበላል። ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ መጨመር መዓዛውን ያጎላዋል። የቸኮሌት ጣዕም የሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ማንኪያ ካካዋ ቢጨምርበት ከኬክ ቤቱ ጣፋጭ ጋር የሚቀራረብ ያገኛል።

ውኃ አለመጨመር በዚህ አዘገጃጀት ዋናው ነገር ነው። ደረቅ በሶ፣ ንጥር ቅቤና ማር ለተሐዋስያን መራቢያ የሚሆን ነጻ እርጥበት የላቸውም። በዚህ የተነሣ ጭብጦው በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ለሁለት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ሁለት ማንኪያ ውኃ እንኳ ከተጨመረበት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መበላት አለበት።

በማር በኩል አንድ የተሳሳተ ግምት በገበያ ላይ ይሰማል። የረጋና እንደ ስኳር የጠጠረ ማር ሁሉ የተቀላቀለ ነው ይባላል። በደጋ አካባቢ ንጹሕ ማርም በቅዝቃዜ የተነሣ በተፈጥሮው ይረጋል፤ ስለዚህ መርጋቱ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። የረጋውን ማር ለማላላት ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ግን መዓዛውን ያጠፋዋል።

ሦስተኛው፦ የኑግ ልጥልጥ

በመልኩ ለቸኮሌት ትራፍል ይበልጥ የሚቀርበው ከኑግ የሚሠራው ነው። ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ የሆነ የቅባት እህል ሲሆን፣ በጎጃም ማሳዎች ቢጫ አበባው በመኸር ወራት መሬቱን ይሸፍነዋል። ከፍሬው ክብደት ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ዘይት በመሆኑ፣ ተቆልቶ ሲወቀጥ ሌላ ቅባት ሳያስፈልገው በራሱ ይያያዛል።

ለ15 ትንንሽ ጭብጦ ገደማ 200 ግራም ኑግ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጢር ጨው ይበቃል። ኑጉ በጥንቃቄ ይበጠራል፤ አሸዋውም ይለያል። እንደ አስተናግር ያሉ መርዛማ አረሞች ፍሬ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ስለሚችል፣ በመልኩ ወይም በመጠኑ ከኑግ የተለየ ፍሬ ሁሉ ተለቅሞ መውጣት አለበት። ቀጥሎ ኑጉ በምጣድ ላይ እየተቆላ መንጣጣት ሲጀምር ፈጥኖ ይወርዳል። አንድ ደቂቃ ከዘገየ ይመራል። ትኩስ ሳለ በሙቀጫ ዘይቱ እስኪወጣና ጥቁር ሊጥ እስኪሆን ይወቀጣል፤ ከዚያ ከማርና ከጨው ጋር ይለወሳል። ከላላ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ በሶ ያጠነክረዋል። የተድበለበለው ጭብጦ በተቆላ ነጭ ሰሊጥ ላይ ቢንከባለል ለእንግዳ የሚቀርብ ውበት ያገኛል።

ይህ ዓይነቱ ለጾም ወራትም ያገለግላል። ወተትም ቅቤም ስለሌለው፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚጾሙባቸው ረዥም ወራት ለገበታ ሊቀርብ ይችላል። የበሶውን ጭብጦ ለጾም ማዘጋጀት የፈለገም በቅቤው ፈንታ የተወቀጠ ኑግ ወይም ሰሊጥ መጠቀም ይችላል። የቸኮሌቱን ኳስ በጾም ለመሥራት ግን የብስኩቱንና የቸኮሌቱን ማሸጊያ ማንበብ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የወተት ዱቄት፣ አንዳንዶቹም እንቁላል ይገባባቸዋል። የኑግ ዘይት ከቆየ ስለሚቆመጥጥ፣ ልጥልጡ በትንሽ በትንሹ ተዘጋጅቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢበላ ይመረጣል።

የካካዋ ዋጋና የገብስ ማሳ

የትኛውን ዓይነት ማዘጋጀት ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከጣዕም ባሻገር ከኪስም ጋር የተያያዘ ነው። የካካዋ ዛፍ የሚያድገው ከምድር ወገብ ብዙ ባልራቁ፣ ሞቃትና ርጥብ ቆላማ አገሮች ነው። መገኛው ደቡብ አሜሪካ ቢሆንም፣ በአሁኑ ወቅት ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያቀርቡት ኮትዲቯርና ጋና ናቸው። በሁለቱ አገሮች የተከሰተው የአየር መዛባትና የዛፍ በሽታ ምርቱን በመቀነሱ፣ ቀደም ባሉት ዓመታት በቶን ወደ 2 ሺህ 500 ዶላር ገደማ የነበረው የካካዋ ዋጋ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በኋላ ቢወርድም፣ ክስተቱ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ በሚመጣ ግብዓት ላይ ብቻ የተመሠረተ ጣፋጭ በቀላሉ ሊናጋ እንደሚችል አሳይቷል።

ዋጋው ሲንር በቸኮሌቱ ይዘት ላይም ለውጥ ይመጣል። በርካታ ርካሽ ቸኮሌቶች ውድ የሆነው የካካዋ ቅቤ ወጥቶ በሌላ የአትክልት ቅባት የተተካባቸው ናቸው። የካካዋ ቅቤ የሚቀልጠው ከሰው ሰውነት ሙቀት በትንሹ ዝቅ ብሎ፣ በ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። እውነተኛ ቸኮሌት ምላስ ላይ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። በአፍ ውስጥ እንደ ሻማ ሰም የሚቀር ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከተተካ ቅባት የተሠራ ነው። በማሸጊያው ላይ «የካካዋ ቅቤ» የሚል መኖሩን መመልከት ልዩነቱን ለመለየት ይረዳል።

ገብስ በአንጻሩ ከጮቄ ግርጌ እስከ ከፍተኛው የእርሻ ወሰን ድረስ ከድንች ጋር የደገኛው ዋና ሰብል ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም ልዩ ልዩ የገብስ ዝርያዎች ከሚገኙባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ገብስን ከሚያጠቃው ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚከላከል ዘረመል ለዓለም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ይሁን እንጂ ሰብሉ ያለ ችግር አይደለም። ገብስ የአፈር አሲዳማነትን ስለማይቋቋም፣ በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ኖራ ያልተጨመረበት ማሳ ምርቱ ይቀንሳል። ብዙ አርሶ አደሮችም መሬታቸውን ወደ ባሕር ዛፍ ማዞርን መርጠዋል። ለበሶና ለቆሎ የሚመረጠው፣ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቅ የአገር ገብስ ማሳ ላይ የሚቆየው ፈላጊ ሲኖረው ነው። በከተማ ቤቶች ለልደትና ለበዓል የሚቀርብ የበሶ ጣፋጭ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ከዚህ ፍላጎት ጋር ይገናኛል።

የጉዞም ነገር አለ። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ጣፋጭ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል፤ ሙቀቱም ከደጋው ጋር አይነጻጸርም። በቸኮሌት የተሸፈነ ኳስ በዚያ መንገድ ላይ ሊቀልጥና ሊጣበቅ ይችላል። በበሶ ወይም በሰሊጥ ላይ የተንከባለለ ጭብጦ ግን ቅቤው ቢለሰልስ እንኳ ቅርጹን ይዞ ይደርሳል።

ምን ያህል ይበላ?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ከሚመገበው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው። ማርም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ከላይ በተቀመጠው መጠን ሲሰላ፣ በቸኮሌት የተሸፈነው አንድ ኳስ ከ8 እስከ 9 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ይህም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የበሶው ጭብጦ የሚይዘው ግማሽ ያህሉን ነው። በተጨማሪም ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር ስላለው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ይህ ማለት ግን የስኳር ሕሙማን ያለ ገደብ ሊመገቡት ይችላሉ ማለት አይደለም፤ ከሐኪማቸው ጋር መመካከር ይገባቸዋል።

ለሕፃናት ሲቀርብ ሦስት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሐዋስ ቦቱሊዝም የተባለ ነርቭን የሚያሽመደምድ በሽታ ሊያስከትልበት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያልተወቀጠ ለውዝም ሆነ ሙሉ ኳስ በአንድ ጊዜ መስጠት ለትንታ ያጋልጣል፤ ተቆራርሶ ይሰጣቸው። ሦስተኛ፣ ለውዝ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም መራራ ከሆነ መጣል አለበት። በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ሊጡ ሲጨበጥ ከተፈረፈረ ቅባት ወይም ጣፋጩ አንሷል ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ማር ወይም ወፍራም ወተት ተጨምሮ እንደገና ይለወሳል። ከላላና እጅ ላይ ከተጣበቀ፣ ደረቅ ነገር ከመጨመሩ በፊት ለግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ቦታ እንዲቆይ ይደረጋል። በሶው የሚያቃጥል ወይም የመረረ ጣዕም ካለው ሲታመስ አሯል፤ ይህን ማርም ሆነ ካካዋ አይሸፍነውም። አሸዋ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ከአለቃቀሙ ወይም ከወፍጮው ነው።

የቸኮሌቱ ኳስ ወተት ስላለበት በማቀዝቀዣ ለአንድ ሳምንት፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ብቻ ይቆያል። በሁሉም ዓይነቶች እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሙቀጫውን ከሽንኩርትና ከበርበሬ ሽታ ማጽዳትና ዕቃዎችን አድርቆ መጠቀም ያስፈልጋል።

ለገበያ ማቅረብ የሚያስብ ቤተሰብ ወይም ማኅበር አስቀድሞ ወጪውን በወረቀት ማስላት ይኖርበታል። የግብዓቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማገዶውን፣ የወፍጮውን ክፍያ፣ ማሸጊያውንና የራሱን የሥራ ሰዓት መቁጠር አለበት። ድምሩ ለተዘጋጀው ኳስ ብዛት ሲካፈል የአንዱ መነሻ ዋጋ ይታወቃል። ምግብ አምርቶ ለሕዝብ መሸጥ የንግድ ፈቃድና የሚመለከተውን የጤና ተቆጣጣሪ አካል የብቃት ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ፣ ይህንንም አስቀድሞ ማጠናቀቅ ይገባል። በማሸጊያው ላይ የተዘጋጀበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የያዛቸው ነገሮች፣ በተለይም ለውዝ፣ ወተትና ስንዴ፣ ተለይተው ቢጻፉ ገዢውን ከአለርጂ ይጠብቃሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው የሦስቱንም መጠን በግማሽ ቀንሶ ቢጀምር ይመከራል። ግማሽ ማሸጊያ ብስኩት፣ አንድ ተኩል የሻይ ብርጭቆ በሶ ወይም አንድ እፍኝ ኑግ የእጅን ልክ ለመለማመድ ይበቃል። የሊጡ ልክ ከእህሉ አፈጫጨትና ከማሩ ውፍረት ጋር ስለሚለያይ፣ ከግራሙ ይልቅ የመጨረሻው ዳኛ መዳፍ ነው፤ ተጨብጦ ያልተፈረፈረ፣ ተለቅቆም ያልተጣበቀ ሊጥ ለመድበልበል ደርሷል።